ሦስቱ መንገድ ላይ የቀረው ቁልፍ

ታትያ በየማለዳው የዝይ ላባ ጫፍ በወይራ ዘይት ታረጥብና በበሩ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ጠብታ ታንጠባጥባለች። ከዚያ ቀስ ብላ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። ዘይቱ ሳይወርድ ቁልፍ ማስገባት መቀርቀሪያውን ያስቆጣዋል ትላለች። ሃያ ሲሞላ የነሐሱን ቁልፍ ከትከሻዋ ታወርዳለች። ቁልፉ ከክንዷ ይረዝማል፤ እንደ ሽመላ አንገትም ሁለት ቦታ ላይ የታጠፈ ነው። አስገብታ ወደ ላይ ታነሳዋለች፣ ወደ ግራ ትስበዋለች፣ ከውስጥ እንጨቱ ሲንሸራተት ታዳምጣለች። በሩ ሲከፈት ቀድመው የሚገቡት ውሾቹ ናቸው። የመቅደሱ አምላክ ከሆነችው ከሄካቴ ውሾች ቀድሞ መግባት ነውር ነው።

በላጊና መቅደስ በር ላይ ይህን ስታደርግ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላት። ሠላሳ አንድ ካህናትም አይታለች። ካህኑ በየዓመቱ ከከተማ፣ ከስትራቶኒኬያ ይመጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ስሙ ግድግዳው ላይ ይቀረጽና ወደ ቤቱ ይመለሳል። የምቀርጸው እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት አባቴ ነበር። የበር ከፋች ስም አይቀረጽም። ስለ ታትያ የማውቀውን በቀለም የምጽፈው ለዚህ ነው።

አጭር ሴት ናት። ቁልፉ የሚያርፍበት ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሏል። ባሏ ከሰል አክሳይ ነበር፤ ሞቷል። ልጅ የላትም። ከሰው ጋር ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትጫወታለች፤ እንቁላል ግን በአፏ አይዞርም። ሰው ስእለት ይመስለዋል።

ስእለት አልነበረም። በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ጨረቃ ስትጠፋ፣ እያንዳንዱ ቤት የሄካቴን እራት በቅርጫት ይዞ ሦስት መንገዶች ወደሚገናኙበት ቦታ፣ ወደ ሦስቱ መንገድ፣ ይወርዳል፤ እንቁላል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የገብስ ቂጣ፣ ያለውም ትንሽ ዓሣ። ባለ ሦስት ፊቱ ምስሏ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ወደ ኋላ ሳያይ ይሄዳል። እጅ ከለቀቀው በኋላ የእሷ ነው። ያስቀመጠውን መልሶ የሚያነሳ የለም፤ ላንሳልህ የሚልም የለም። ድኻ ግን ከኋላ መጥቶ ይበላል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። ድኻ ከድንጋዩ ያነሳውን እሷ እንደሰጠችው ይቆጠራል፤ መልስ አይባልም።

ታትያ ከሰባት ዓመቷ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቷ የበላችው ከዚያ ድንጋይ ነው። አባቷ ኖራ አቃጣይ ነበር፤ ምድጃው ተደርምሶበት ሞተ። እናትና ልጅ ከሦስቱ መንገድ በላይ ባለችው የኖራ ጎጆ ቀሩ። ወሩን ሙሉ የዱር ቅጠል ይለቅማሉ፤ ወሩ ሲያልቅ እንቁላል ያገኛሉ። ብዙ ስለሚሆን ገለባ ውስጥ ቀብረው ያቆዩታል፤ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። የመጨረሻዎቹን አፍንጫቸውን ይዘው ነበር የሚበሏቸው።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ያኔ የነበረችው አሮጊት በር ከፋች ረዳት ፈለገች። ልጅቷን ጠርታ እጇን ቁልፉ ላይ አስደረገቻትና እንደ ደንቡ ጠየቀቻት።

«አባትሽ ይታወቃል?»

«ይታወቃል።»

«ደም አለብሽ?»

«የለብኝም።»

«ከድንጋዩ በልተሽ ታውቂያለሽ?»

ከድንጋዩ የበላ እጅ በሩን አይከፍትም። እዚያ የሚቀመጠው የሙታንም ድርሻ ስለሆነ ከሙታን ጋር አብሮ እንደበላ ይቆጠራል። ታትያ «አላውቅም» ብላ ማለች። እናቷ ከኋላዋ ቆማ ነበር፤ ምንም አልተነፈሰችም።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህን የሚያውቀው ሄርሚያስ ብቻ ነበር። ሄርሚያስ የመቅደሱን ደን የሚጠብቅ ጃንደረባ ነው፤ ዛፍ በደረቀ ቁጥር በምትኩ ሌላ ይተክላል። ልጆችህ ስንት ናቸው ሲሉት «አራት መቶ ስድስት፣ አንዱ እንኳ አይላክልኝም፣ ሁሉም ቆመው ነው የሚውሉት» ይላል። ታትያ ለእሱ የነገረችው ባሏ በሞተ ሰሞን ነው።

«ሠላሳ ዓመት በሩን ከፍተሻል» ይላት ነበር። «አምላኳ ብትጠላሽ ኖሮ ያ መቀርቀሪያ ጣትሽን ይዞ አይቀርም ነበር?»

«ቀን እየጠበቀች ቢሆንስ፣ አያ?»

«አንቺን ለመቅጣት ሠላሳ ዓመት የምትጠብቅ ሥራ ፈት ናት?»

ዘንድሮ ካህን የሆነው ሜኒጶስ የሚባል ባለ ብዙ ቀፎ የከተማ ሰው ነው። በቁልፍ በዓል ዕለት ቁልፉን ከመቅደሱ ወደ ከተማ፣ ከከተማም መልሶ ወደ መቅደሱ የምትሸከመው የእሱ ልጅ ፓምፊሌ እንድትሆን ተመደበች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ አምና ክረምት ሞታለች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ እራቱን ይዛ በከተማው በር አጠገብ ወዳለው ሦስት መንገድ የምትወርደው እሷ ነበረች፤ አያቷ ጉልበቷን ስለሚያማት ከዛፎቹ ሥር ሆና ትጠብቃታለች።

በበዓሉ ማለዳ ታትያ ቁልፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አስረከበቻት። ልጅቷ ስትቀበል ጎንበስ አለች።

«ይከብዳል» አለች።

«ከጠቦት አይበልጥም» አለች ታትያ። «ትከሻሽ ላይ አታድርጊው። ክንድሽ ላይ አስተኚው፣ እንደ ሕፃን። እንዲህ።»

«እትዬ ታትያ፣ የታችኛውንም በር ይከፍታል ይላሉ።»

«ማነው እሱን ያለሽ?»

«አያቴ። የሙታኑን።»

ታትያ ጨርቁን አስተካከለችላት። «እኔ የከፈትኩበት ይሄንን ብቻ ነው» አለች። ቀጥላም፦ «ያኛውን ካገኘሽው ግን መጀመሪያ ዘይት አድርጊለት። ብዙ የሚከፈት አይመስለኝም።»

ልጅቷ ሳቀች።

በሩ አጠገብ የማር ቂጣ የምትሸጠው ኖኒስ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ኖኒስ የግንበኛ ሚስት ናት፤ የበሩን ሥራ እንደምትመኝ የማያውቅ የለም። ታትያ ባስነጠሰች ቁጥር «ይማርሽ» ትላለች፤ ከዚያ ዕድሜዋን ትጠይቃታለች።

«ይህቺን ልጅ ቁልፉ ቢሸከማት ይሻላል!» አለች።

«አንቺ ቂጣሽን ሽጪ።»

«እየሸጥኩ ነው፤ አፌ ሥራ ፈታ እንጂ።»

ሰልፉ ሄደ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ታትያ ውስጥ ያለውን መብራት ለኩሳ፣ እስከ ፀሐይ ግባት የሚበቃ ዘይት ሞልታለት ነበር። ቁልፉ ተመልሶ በሩ እስኪከፈት መብራቱ መጥፋት የለበትም። ቁልፉ ውጭ እያለ ከጠፋ የዚያ ዓመት ተሸካሚ ስም አይቀረጽም፤ የሚገባበት ቦታ ባዶ ይተዋል። አባቴ አንድ ቦታ እንዲህ ትቶ ነበር። የዚያ ዓመት ተሸካሚ ልጅ መንገድ ላይ ታማ ዘግይታ ነው። ዛሬ ስድሳ ሊሞላት ነው፣ ከተማ ውስጥ ትኖራለች፣ ያገባት የለም። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሰው «ባዶዋ» ነው የሚላት።

በር ከፋች ቁልፉን አትከተልም። ታትያ ከተዘጋው በር ሥር ተቀምጣ ዋለች።

እኔ ከሰልፉ ጋር ነበርኩ። ወደ ከተማ ወረድን፣ መሥዋዕቱ ተሠዋ፣ ወደ ላጊና ተመለስን። ሦስቱ መንገድ ስንደርስ ፀሐይዋ ከደኑ ጫፍ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብላ ነበር፤ የመቅደሱ በር ከዚያ ይታያል። እንደ ልማዱ ቆምን፤ ልጆቹ መዝሙሩን ዘመሩ። ፓምፊሌ ከንጋት ጀምሮ ስትሸከም ውላለች። መዝሙሩ ሲያልቅ ወደ ድንጋዩ ሄደች፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን ቁልፍ አስቀመጠች፤ ፊቷን አዞረች፤ ወደ ኋላ ሳታይ መንገዷን ቀጠለች።

አይቻታለሁ። ሌሎቹም አይተዋታል። ነገር ግን ሰው ድንጋዩ ላይ ሲያስቀምጥ ፊት ማዞር ከሕፃንነታችን የተማርነው ነው፤ ሁላችንም ፊታችንን አዞርን። መዘምራኑ ተከተሏት። እኛም ተከተልን። ወደ ስድሳ እርምጃ ያህል ማንም ወደ ኋላ ሳያይ ተጓዝን። ከዚያ ልጅቷ ቆመችና ክንዶቿን አየች።

ጩኸት ሆነ። ሁሉም ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፤ ሁሉም ከድንጋዩ አምስት እርምጃ ርቆ ቆመ።

«ልጅ ናት» አለ ሜኒጶስ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አላስቀመጠችም፤ ረሳችው ነው።»

«እጇ ለቆታል ጌታዬ» አለ የመዘምራኑ አለቃ።

«እንግዲያው ሌላ ሰው ያንሳው።»

«ማን?»

«አንተ አንሳው።»

«እኔ ልጆች አሉኝ!»

አንዱ ድኻ ይፈለግ አለ፤ ለድኻ የተፈቀደ ነው። ድኻው ሁሉ ግን የመሥዋዕቱን ሥጋ ሊበላ ከተማ ቀርቷል። እግሩ የተሰነጣጠቀ አንድ ከሰል አክሳይ ከመካከላችን አገኘንና ብታነሳው አልነው።

«ምን ቆርጦኝ?»

«አንተማ... ለአንተ ይፈቀዳል» አለው ከመካከላችን አንዱ።

«እኔን ነው ድኻ የምትለው?» ብሎ ዱላውን አነሳ። «ቤቴ መጥተህ በልተህ ታውቃለህ? ከድንጋይ የምትበላስ እናትህ!»

ሁለቱን ማገላገል ራሱ ጊዜ ፈጀ። ሄርሚያስ ይህን ሲያይ ወደ መቅደሱ ሮጠ። ያ ሰው ሲሮጥ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። በሩ ጋ ደርሶ ለታትያ ምን እንዳላት ኋላ ነግሮኛል።

«ተቀመጠ!» አላት።

«ማን ተቀመጠ?»

«ቁልፉ! ድንጋዩ ላይ! ልጅቷ እንደ እራት አስቀምጣው ሄደች።»

ታትያ ወዲያው አልተነሳችም። በሩን ነካችው። «መብራቱ ስንት ይቀረዋል?» አለች፤ መልሱን ከእሱ በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ከዚያ ላባዋን መቀነቷ ውስጥ ሰክታ፣ የዘይቱን ማሰሮ አንስታ ወረደች።

ስትደርስ ፓምፊሌ ክንዶቿን አሁንም እንዳጠፈች ቆማ ነበር፤ የሚሸከሙት ነገር ያለ ይመስል። አታለቅስም። ከኋላ ታትያን ተከትላ የወረደችው የኖኒስ ድምፅ ይሰማል፤ «ሁለተኛዋ ባዶዋ» ትላለች፤ ቀስ ብላ ያለች መስሏት።

«ክንድሽ ደነዘዘ?» አለቻት ታትያ።

«ለእማዬ የማስቀምጥ መሰለኝ፣ እትዬ። እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። እጅ እንደዚያ ነው።»

ታትያ ወደ ድንጋዩ ሄደች። ሜኒጶስ እጁን ዘርግቶ አገዳት።

«አንቺ የሄካቴ ቤት ሰው ነሽ፣ እትዬ ታትያ። ከመሠዊያው ድርሻሽን ትወስጃለሽ። ከዚህ ማንሳት የሚችል ድኻ ብቻ ነው።»

«ድኻ ነኝ።»

«እኔስ ምን ልባል ነው?» ብላ ኖኒስ ሳቀች። ጥቂት ሰዎችም ሳቁ።

ታትያ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «ከዚህ ድንጋይ ስድስት ዓመት በልቻለሁ» አለች። ድምፅዋ ቂጣ እንደምትገዛ ሴት ነበር፤ ከፍም ዝቅም አላለም። «ያቺ የኖራ ጎጆ ቤታችን ነበረች። የአብዛኞቻችሁን ቤት እንቁላል በልቻለሁ። እዚህ ይኖሩ የነበሩት የእርስዎ አያት ያስቀመጡትን ጭምር፣ ጌታዬ ሜኒጶስ፤ ትልልቅ ነበሩ፣ አስኳላቸው ቀይ። አሮጊቷ ስትጠይቀኝ አልበላሁም ብዬ በዚህ ቁልፍ ማልኩ። ዋሸሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዋሸሁበት ከፈትኩ።»

ከሰል አክሳዩ ዱላውን ወደ መሬት አወረደ።

ታትያ ጎንበስ ብላ ቁልፉን አነሳች። አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ይኸው አነሳሁ። እሷ ሰጠችኝ፤ አሁን የእኔ ነው። መልሺ የሚለኝ አለ?»

መልሺ ሊል የሚችል አልነበረም። ታትያ ወደ ፓምፊሌ ዞራ ቁልፉን በታጠፉት ክንዶቿ ላይ አስተኛችው።

«የእኔን ለአንቺ ሰጠሁ። እንደ ሕፃን ያዥው። አሁን ፍጠኚ።»

ሽቅብ ሮጥን። በሩ ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጫፍ ጋር እኩል ሆናለች። ታትያ ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች፤ ከእንግዲህ መቅረብ እንደማይገባት ማንም ሳይነግራት አወቀች። ላባውንና ማሰሮውን በሄርሚያስ እጅ አሳልፋ ሰጠች።

«አንድ ጠብታ» አለችው። «ቀዳዳው ውስጥ። አንቺ ደግሞ ሃያ ቁጠሪ።»

«ሃያ?» ብሎ ሜኒጶስ ጮኸ። «ፀሐይዋን አታዪም? ክፈቺው!»

«ካልወረደ አይከፈትም፣ ጌታዬ። ቁጠሪ፣ ልጄ።»

ፓምፊሌ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ላይ አንድ ሰው ከኋላ ማልቀስ ጀመረ፤ ሜኒጶስ ነበር። ሃያ ስትል ቁልፉን አስገባች።

«ወደ ላይ። አሁን ወደ ግራ። ስሚው።»

እንጨቱ ተንሸራተተ። ውሾቹ ገቡ። እኛም ከኋላቸው ገባን። የመብራቱ ነበልባል ከገብስ ፍሬ አይበልጥም ነበር፤ ግን ነበረ። ሄርሚያስ ዘይት ጨመረበት።

ማታውን ሜኒጶስ ወደ ታትያ መጣ።

«ልጄን አድነሻል» አለ። «ይህን አልረሳም። በሩን ግን...»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ማነው የሚከፍተው?»

«የግንበኛው ሚስት ጠይቃለች።»

«ከበድ ያለ ክንድ አላት። ይሻላል።»

ሄርሚያስ ግን ተቆጣ፤ ዕቃዋን ተሸክሞላት ሲወርዱ ሙሉውን መንገድ ተቆጣ። «ያንቺ ሆኖ ነበርኮ! የራስሽ! በሥራዬ ካልተዋችሁኝ አልሰጥም ብትዪ ማን ምን ያደርግሽ ነበር?»

«መብራቱስ?»

«መብራቱን ተዪኝ!»

«እሱን ነው መተው ያቃተኝ፣ አያ» አለች። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ደግሞ «ሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ለካ ለዚህ ነው» አለች። ለቅጣት ይሁን ለሌላ ነገር አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃት።

ታትያ ከሦስቱ መንገድ በላይ ወዳለችው የኖራ ጎጆ ገባች። ጣራው ፈርሶ ነበር፤ ሄርሚያስ ከደኑ በወደቀ እንጨት ጠገነላት። በማግስቱ በሩን የከፈተችው ኖኒስ ናት። ዘይቱን አብዝታ ስላፈሰሰችበት ቁልፉ እስከ ቀትር ከመቀርቀሪያው ላይ ሲያመልጣት ቆየ። በሦስተኛው ቀን የማር ቂጣ ይዛ ወደ ታትያ ጎጆ ወረደች።

«እስከ ስንት ነበር የምትቆጥሪው?»

«ሃያ።»

«አሥር አይበቃም?»

«ሞክሪው።»

ኖኒስ ቆም ብላ የጎጆዋን ዙሪያ አየች። «ቂጣው የትናንት ነው» አለች፤ ሁለት ጨምራ አስቀምጣላት ሄደች። ቂጣው ትኩስ ነበር።

እኔ በዚያ ሳምንት የፓምፊሌን ስም ቀረጽኩ፤ የሜኒጶስ ልጅ፣ ቁልፍ ተሸካሚ። ከጎኑ ቦታ ተርፎኝ ነበር። ምንም አልጻፍኩበትም፤ አልተፈቀደልኝም።

ወሩ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ሰዎች ቅርጫታቸውን ይዘው ወረዱ። ፓምፊሌም ከአያቷ ጋር ከከተማ መጣች፤ ከዚያ በፊት እራቱን ከከተማው በር አጠገብ ካለው ሦስት መንገድ ላይ ነበር የምታስቀምጠው። ቅርጫቷን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች፤ ፊቷን አዞረች፤ ወደ ኋላ ሳታይ ሄደች። መንገዱ ጭር ሲል ታትያ ከጎጆዋ ወጥታ ቅርጫቱን አነሳች። ስድስት እንቁላል ነበረበት፤ ትልልቅ። አራቱን ለሄርሚያስ ወሰደችለት። ሁለቱን እዚያው ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ ልጣ በላች።